ምላጩን አትሞርዱት

ሰሞኑን ለለቅሶ ገጠር ወርጄ ነበር። አንድ ዘመዴ የአያቱን ቤልጅግ ጠመንጃ ከግድግዳ አውርዶ «ጋሼ፣ ምላጩ ይከብድ ነበር፤ ራሴ ሞርጄ አለሰለስኩት» አለኝ፣ በኩራት። ባዶ መሆኑን አይቼ አቀባበልኩት። ሰደፉን መሬት ነካ ሳደርገው ማንም ምላጩን ሳይስበው ቀጭ ብሎ ተኮሰ። ጥይት ጎርሶ ቢሆን ኖሮ አፈሙዙ ፊት ቡና የምታቀርብ ልጁ ነበረች።

ይኸው እስከ ዛሬ ንዴቴ አልበረደም። ጦር ሜዳ የዋለ ጠመንጃ ምን ይሆናል የሚሉኝ አሉ። ጦር ሜዳ የዋለ ብረት ነው የሚያልቀው።

ቤልጅግ የሞዘር ዘር ነው፤ ምላጩም በሁለት ደረጃ ይሳባል። መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይተኩሳል። ያ መጀመሪያ ላይ የሚላላው ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ መምቻውን የያዙት ሁለት ብረቶች በደንብ ተነካክሰው የሚቆዩት በእሱ ነው። ዘመዴ ሞርዶ ያነሳው ይህንኑ ነው። የብረቶቹ ላይ ደግሞ በእሳት የጠነከረ ስስ ገጽ አለው። ሞረድ እሱን ከነካው ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በየጊዜው እየተበላ ይሄዳል፤ ዛሬ የያዘው ነገ ይለቃል።

ከኋላ ያለችውን የመጠበቂያ ክንፍ ደግሞ ስንቱ ያውቃታል? ወደ ግራ ስትተኛ ይተኮሳል። ወደ ቀኝ ስትተኛ ሁሉንም ትቆልፋለች። ቀጥ ብላ ስትቆም ግን መምቻው እንደተያዘ መቀባበያው ይከፈታል፤ የጎረሰ ጥይት ያለ ስጋት የሚወጣው ያኔ ነው። አባቶች ያወረሱን ለበን የተባለው ጠመንጃ ይህች ክንፍ እንኳ የለችውም። ለበን ያለው ሰው ጥይት አጉርሶ ማስቀመጥ የለበትም፤ ሌላ መላ የለውም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ግን ሞልቷል። የደረቀ ቅባት ማውጣት፣ አፈሙዙን ከኋላ በብርሃን ማየት፣ ሰደፉ አንገቱ ላይ መሰንጠቁን መዳሰስ፣ የመቀባበያው ቁጥር ከአካሉ ቁጥር ጋር መግጠሙን ማመሳከር። በጦርነት ጊዜ ከሦስት ጠመንጃ አንድ ጠመንጃ ይገጣጠም ነበርና ቁጥሩ ካልገጠመ መጠርጠር ነው። በቀለሁና በመቀባበያው መካከል ያለው ክፍተት ከልኩ ካለፈ ቀለሁ ይቀደዳል፤ የባሩዱ ትንፋሽ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ዓይን ነው። ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥተው አሜሪካ የተሸጡ ምንሽሮችና ሞዘሮች አሉ። እዚያ ጠንቃቃ ገዥ ሳይተኩስ በፊት ይህን ክፍተት በብረት መለኪያ ያስለካል። እኛ ጋ መለኪያው ጆሮ ሆኗል፤ ተኩሶ መስማት።

ከዚህ ያለፈው የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው የታለ? እዚህ ላይ የድሮ ጠቤ ይነሳል። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲተው አዋጅ አስነገሩ። ከመቶ ዓመት በኋላም ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ የጠመንጃውን መለዋወጫ ሳይቀር የሚሠራውን ሰው ቡዳ እያልን ልጃችንን አንድርለትም። ልጁም አባቱ ሲዋረድ እያየ ስላደገ ሙያውን ጥሎ ከተማ ገባ። ወናፉ ቀዘቀዘ። ሞረዱ የቀረው በዘመዴ እጅ ነው።

የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ምዝገባና ፈቃድ ደንግጓል፤ ጥሩ ነው። ቁጥርና የባለቤት ስም ግን ጠመንጃው ሲወድቅ እንዳይባርቅ አያደርጉትም። ምዝገባ በሚካሄድበት ቦታ ከጸሐፊው ጎን አንድ ቀጥቃጭ ይቀመጥ። ደመወዝ ይቆረጥለት፣ ወንበሩም ከጸሐፊው ወንበር እኩል ይሁን። መለኪያውን ያስገባ፣ ምላጩን ይፈትሽ፣ የተሞረደውን ይለውጥ፣ የማይድነውን ጠመንጃ መምቻውን አውጥቶ ለግድግዳ ይመልስ።