የባልዲው ዋጋና የምንጩ ጥቅም

በየቢሮው «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ገና ያልተሸጠ፣ ያልተከራየ መሬት ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች የኳስ ሜዳቸውና የጭልሞ ደን ለባለሀብት ሊሰጡ ነው ብለው ለተቃውሞ ሲወጡ፣ ከጀርባው ሌላ ብዙ ብሶት እንደነበር አያጠያይቅም። ተቃውሞው የተነሳበት ነገር ግን የጥቅም ክርክር ነበር፤ ልጆች የሚራገጡበት ሜዳም ሆነ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የቆመበት ጫካ በማንም መዝገብ ላይ ገቢ ሆኖ አይታይም።

አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ያለ እሱ መኖር የማይቻለው ውሃ ረክሶ አልማዝ እንዴት ተወደደ ሲል ጠይቆ ነበር። ኋላ የመጡት ኢኮኖሚስቶች መልስ አገኙለት፦ ዋጋ የሚተመነው በውሃ ጠቅላላ ጥቅም ሳይሆን በምትጨመረው ባልዲ ነው፤ ውሃ በሞላበት አገር አንዲት ባልዲ ብትጎድል ማንም ልብ አይላትም። መልሱ ልክ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ለባልዲ የተባለውን ለምንጩ ስናደርገው ነው። አዋሽ የጭልሞ ደን ካለበት ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነስቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቆቃ ላይ ተርባይን ያዞራል፣ ወንጂና መተሐራ ላይ ሸንኮራ ያጠጣል። እዚያ ሲደርስ ቆጣሪና ሚዛን ያገኛል። መነሻው ላይ ግን እንደ አምቦ ውሃ በጠርሙስ አልታሸገምና ሒሳብ የሚጠይቅበት የለም። ደኑ ይመንጠር ወይስ ይቆይ የሚለው የአንድ ባልዲ ጉዳይ ስላልሆነ፣ የገበያ ዋጋ እዚህ ላይ የሚነግረን ጥቂት ነው።

«ገበሬው ጥድ አይበላም» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ጊንጪና ጭልሞ ባሉበት በደንዲ ወረዳ የባሕር ዛፍ አጣና ማለት የቆርቆሮና የደብተር መግዣ ነው። ባሕር ዛፍን መራገም የከተሜ ቅንጦት ይመስለኛል፤ ማሳ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ስንቱን ጥድ ከመጥረቢያ አድኗል! ጭልሞም ቢሆን በዘበኛ ብቻ አይጠበቅም፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነዋሪዎቹ በአሳታፊ የደን አስተዳደር ተደራጅተው እየጠበቁ እንዲጠቀሙ ተሞክሯል። ከባዱ መቃወሚያ ሌላ ነው። የብዙኃኑ ጥቅም ይቅደም ካልን፣ አዋሽን ተከትለው ለሚኖሩት ብዙዎች ሲባል ደን ዳር ያሉት ጥቂት ቤተሰቦች እንጨታቸውንና ግጦሻቸውን ይተዉ ልንል ነው? በድምር ያዋጣ ይሆናል፤ ፍርድ ግን ይጓደልበታል። ስለዚህ ከመብራቱና ከስኳሩ ሽያጭ ለደንዲ ድርሻ ይታሰብ፤ ገንዘቡም ወረዳው ካዝና ላይ ሳይቆም ጫካውን የሚጠብቁት ማኅበራት እጅ ይግባ።