መሥሪያ ቤቶቻችን ከጓሳ ይማሩ

በከተሞቻችን መንገድ ይነጠፋል፤ ብዙ ሳይቆይ ውሃ ክፍል ቧንቧ ሊቀብር ይቆፍረዋል፤ ቀጥሎ መብራትና ስልክ ይመጣሉ። ሁሉም የየራሱን ሥራ ሠርቷል፤ የባከነው ግን የሕዝብ ገንዘብ ነው።

አስተባባሪ መሥሪያ ቤት ይቋቋም የሚሉ አሉ። ይህም ተሞክሯል። በ2006 ዓ.ም. የመሠረተ ልማት አስተባባሪ ኤጀንሲ በአዋጅ ቆመ፤ በ2014 ዓ.ም. ሥራው ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ተሰጠ። ስም መለወጥ ብቻውን ቁፋሮ አያስቀርም።

ከደብረ ብርሃን ሳንርቅ የመንዝን ጓሳ እንመልከት። የአስቦና የጌራ ባለርስቶች በቄሮ ሥርዓት ግጦሹንና የክዳን ሣሩን ለዓመታት በአንድነት ይዘጉ፣ በአንድነት ይከፍቱ ነበር። ኃላፊው የታወቀ ነበር፤ ደንብ ያፈረሰም ይቀጣ ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ የሁሉ የነበረው የማንም ሳይሆን ቀረ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ኋላ ነዋሪው ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰ።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቶች በጀት ሳይጸድቅ በፊት ዕቅዳቸውን ያስተያዩ፤ ቁፋሮ ከንጣፍ እንዲቀድም ቀን ይቁረጡ፤ ቀኑን ያፈረሰ ማስጠገኛውን ከራሱ በጀት ይክፈል። ነገ በእነዚያ ወንበሮች የምንቀመጠው እኛ ነንና፣ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ አይምሰለን።