ስለ ልብስ ጠባቂዎች

በዚህ ሳምንት ያስቆጣኝ ነገር ከገዛ ዘመዴ አፍ የወጣ ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ 10 ኪሎ ሜትር የሚዞረው ታላቁ ሩጫ በተደረገበት ሰንበት፣ አንድ ዐይነት ቲሸርት ለብሰው፣ እየዘፈኑና እየጨፈሩ፣ አንዳንዶቹም ልጆቻቸውን በትከሻቸው አዝለው ቀስ እያሉ የሚያዘግሙትን ሕዝብ ከመንገድ ዳር ቆመን ስንመለከት፣ ይህ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ወጣት ከንፈሩን ጣል አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መሮጥ ካልቻሉ እቤታቸው አይቀመጡም? ስፖርት እኮ ለሚችል ሰው ነው» አለኝ። በዚያ ጩኸት መካከል መልስ መስጠት ከንቱ ድካም መስሎ ስለ ታየኝ ዝም አልሁት።

የዚህ ዓምድ ወዳጆች ከስፖርት መምህራን ጋር ያለኝን ያረጀ ሙግት ታውቁታላችሁ፤ የዘመዴም ቃል ከእነርሱ ደቀ መዝሙርነት የተገኘ ስለ ሆነ ዛሬም ብቀጥለው አትቀየሙኝ።

አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የሮማን ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት ተማሪ የነበረ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ዘገምተኛ ልጅ ሆኖ መፈጠር እንደ ሰውነት ድካም ሳይሆን እንደ ክሕደት የሚቆጠር ነገር ነበር። ጫማ ያለንም ጫማችንን እያወለቅን በጠጠር ላይ እንድንሮጥ ታዘዝን። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ጀግናው ቶኪዮ ላይ ዳግመኛ ድል ነሥቶ፣ ሌሎቹ ገና በመንገድ ሳሉ እርሱ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ በተባለ ጊዜ፣ መምህራችን ያንኑ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ እየተጋደምን እንድንሠራ አደረጉን። እውነቱን ለመናገር፣ ከታላቁ ሯጭ ግብር ሁሉ እኔ በሚገባ ልከተለው የቻልሁት በሣር ላይ መጋደሙን ብቻ ነው።

የኳሱ ሰዓት ግን የባሰ ነበር። ሁለት አለቆች ይሰየሙና በየተራ እየጠሩ ጭፍራቸውን ይመርጣሉ፤ በመጀመሪያ ብርቱዎቹ፣ ቀጥሎ መካከለኞቹ፣ ከዚያም ኳሱ የእነርሱ ስለ ሆነ ሊተዉ የማይቻሉት ይጠራሉ፤ በመጨረሻ እኔና ዐይኑ የደከመ አንድ ወዳጄ ስንቀር ከአለቆቹ አንዱ፣ «እናንተ ልብስ ጠብቁ» ብሎ ይፈርድብናል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ የተኛው የ38 ዘመን ሕመምተኛ መፃጉዕ፣ ውሃው በታወከ ቍጥር ሌላው እየቀደመው የወረደበትን ኀዘን ስብከት ሳያስፈልገኝ የተረዳሁት በዚያ የልብስ ክምር አጠገብ ነው።

ይሁን እንጂ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው በአቧራው ውስጥ የሚራኮተው የማያየውን ያያል። ከመካከላቸው አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበረ፤ ሌሎቹ ኳሷን በመንጋ ሲከተሉ እርሱ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቆማል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ኳሷ እንደ ተጠራች ሁሉ እርሱ ወዳለበት ትመጣለች። ማንም አያመሰግነውም፤ እኔና ወዳጄ ግን ከቀሚሱና ከሸሚዙ መካከል ሆነን እናደንቀው ነበር። ጨዋታን በእግር ብቻ ሳይሆን በልቡናም መጫወት እንደሚቻል የተማርሁት ከእርሱ ነው።

እጄንና እግሬን ያስደሰተኝ ስፖርት ደግሞ በአያቴ አገር ያገኘሁት የገና ጨዋታ ነው። በዚያ አለቃ ቆሞ አይመርጥም፤ የላይኛው መንደር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላው ይሰለፋል፤ ቍጥር የለም፤ ጌታው ከሎሌው፣ ሽማግሌው ከጎረምሳው ጋር ይጋፋል። በዚያ ሁሉ ግፊያ መካከል ዘገምተኛውን ከፈጣኑ ለይቶ የሚያይ ዳኛ አልነበረምና፣ እኔም ቈልማማ በትሬን ይዤ ከስንት አንዴ ሩሯን ባገኘኋት ጊዜ የተሰማኝን ፍሥሐ ዛሬም አልረሳውም። ሩሯ ወዴት እንደ ሄደች አላየሁም፤ የታችኞቹ መንደርተኞች ግን ጮኹ።

«ልጆች ካልተመረጡ ጀግና ከየት ይወጣል?» የሚሉኝ አሉ። ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር እንደ ነበሩ አውቃለሁ፤ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ለአንዲት ደራርቱ ሲባል የቀሩት ሁሉ ልብስ ይጠብቁ ዘንድ የተጻፈ ሕግ የት አለ? ሂሳብ የምናስተምረው ሁሉም የሂሳብ ሊቅ እንዲሆን ነውን?

ሮማንና ቶኪዮን ሌት ከቀን ያስተማሩኝ መምህራን ስለዚያው ስለ አበበ ያልነገሩኝ አንድ ነገር አለ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ አገር፣ በስቶክ ማንደቪል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል። በማራቶን ዓለምን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ሌላ ክብር ምን ያደርግለታል? እኔ እንደሚመስለኝ መጫወት ስለ ወደደ ነው፤ ከሮማውም ድል ይልቅ ይህን ለልጆች መንገር ይበጃል እላለሁ።

አሁን ደግሞ የባሰ መጥቷል። የሠፈሩ ሜዳ ታጥሮ ሕንጻ ወጥቶበታል፤ ልጆች የሚጫወቱት ገንዘብ አዋጥተው በሰዓት በሚከራዩት ሜዳ ነው። ሰዓቱ በብር የተገዛ በመሆኑ ኳስ የሚያመልጠውን ልጅ ማን ያስገባዋል? ሜዳው ነፃ በነበረበት ዘመን ቢያንስ ልብስ ጠባቂነት ነበረልን፤ ሰው ጎደለ ተብሎም አንዳንዴ እንጠራ ነበር።

እንግዲህ የስፖርት መምህራን ሆይ፣ ሙግታችን እንዲያበቃ የምለምናችሁ ጥቂት ነው፦ ሁለት አለቆች አቁማችሁ በልጆች ፊት ልጅ ማስመረጡን ተዉ፤ ጭፍራውን እናንተው ክፈሉ፤ ልብሱንም ከአጥሩ ላይ አንጠልጥሉት።