ምሳ የት ይበላል?

ኢመደበኛ ትምህርት፣ ማለትም ሰው ያለ ፈተናና ያለ ማርክ በራሱ ፍላጎት ከአካባቢው የሚቀስመው ዕውቀት፣ የሚጀምረው ልጁ የሳይንስ ሙዚየሙን ደጃፍ ከመርገጡ አስቀድሞ፣ ስለ ነገው ውሎ እያሰበ እንቅልፍ በሚያጣበት ሌሊት ነው። በዚህ ሳምንት ለዚህ ዓምድ የደረሰው የአንድ ትምህርት ቤት የጉብኝት መጠይቅ ግን ይህን ጉጉት ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ክፍት ቦታዎቹ በሙሉ ከየማሳያው ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ በመገልበጥ የሚሞሉ ስለሆኑ፣ ልጁ መሣሪያውን በእጁ ሊነካ የሚችልበትን ጊዜ እስክሪብቶው ይወስድበታል።

ተመራማሪው ጆን ፋልክና ባልደረቦቻቸው በዋሽንግተን ብሔራዊ የእንስሳት ፓርክ ያደረጉት ጥናት የዚህን ጉጉት ዋጋ ያሳያል። ከጉብኝቱ በፊት ከፊሎቹ ልጆች ስለ እንስሳቱ ዕውቀት ሲሰጣቸው፣ ሌሎቹ የተነገራቸው ጉዞው እንዴት እንደሚሆን፣ ምን እንደሚያዩ፣ ምን እንደሚበሉና ከሱቁ ምን ሊገዙ እንደሚችሉ ነበር፤ በኋላ ሲመዘኑ የበለጠ ተምረው የተገኙት እነዚህ ሁለተኛዎቹ ናቸው። ለስፍራው እንግዳ የሆነ ልጅ አስቀድሞ የሚያጠናው ስፍራውን ነውና፣ መጸዳጃው በየት በኩል እንደሆነ፣ መምህሯ የት እንደቆመችና ጓደኛው ወዴት እንደሄደ ሳያረጋግጥ ዓይኑ በማሳያው ላይ አያርፍም። ልጆች የሚያስቡት ስለ አውቶቡስና ስለ ምሳ ነው እያሉ የሚያማርሩ መምህራን የሚናገሩት እውነት ነው፤ የሚሳሳቱት ይህን እንደ ስንፍና በመቁጠራቸው ነው።

የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፕንሃይመር፣ የአቶሚክ ቦምቡን ምርምር የመሩት የሮበርት ታናሽ ወንድም፣ ልጅ መሣሪያውን በእጁ ሲነካ እንደሚማር ሳይረዱ አልቀሩም። በፖለቲካ አቋማቸው ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ1949 የዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን ካጡ በኋላ ኮሎራዶ ውስጥ ከብት እያረቡ ኖረው፣ በዚያው ገጠር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሲሆኑ ተማሪዎቻቸውን ወደ አሮጌ ዕቃ መጣያ ወስደው፣ ከተጣሉ መሣሪያዎች ስለ ሙቀትና ስለ ኤሌክትሪክ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የከፈቱት ኤክስፕሎራቶሪየም ጎብኚው ማሳያውን ራሱ እያንቀሳቀሰ የሚማርበት ሙዚየም ሲሆን፣ ከማሳያዎቹ አጠገብ ቆመው ከሚያስረዱት መካከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይገኙበታል፤ ልጅ ከልጅ ሲማር ደግሞ የመሳሳት ፍርሃቱ ይቀንሳል።

አዲስ አበባም የራሷን የሳይንስ ሙዚየም በ2015 ዓ.ም. ከፍታለች። የአሮጌ ዕቃው ትምህርት ቤት ግን ከዚያ በፊትም ነበራት፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ሌላው የጣለው ብረት፣ ቆርቆሮና ሞተር ተፈትቶ ዳግም ለሥራ የሚበቃበት ሰፈር ነው። ከሙዚየሙ የሚመለሰው አውቶቡስ በዚያ በኩል ቢያልፍ፣ ልጆቹ ሞተር ሲፈታ ውስጡ ምን እንደሚመስል ከሚፈቱት ሰዎች አፍ ይሰማሉ፤ መጠይቁም እስከዚያ ድረስ በቦርሳ ውስጥ ይቆይ።