ኳሱም ቆመ፣ ተከላካዩም ቆመ!

የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የሱሉልታ ወጣቶች፣ ዛሬ ወሬያችን ኳስ ነው። "እናንተ ደግሞ ኳስ ውስጥ ምን አገባችሁ?" የሚለን አይጠፋም። ያገባናል እንጂ! እሁድ እሁድ ሜዳ ዳር ፀሐይ የሚመታው ወጣት የኛው ነው፤ ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ የሚገባውም እሱው ነው።

የሰፈር ጨዋታ ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቡድናችን 80 ደቂቃ አሳምሮ ይጫወታል። ከዚያ አንድ የማዕዘን ምት ይሰጥበታል። አስሩም ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ ሁሉም ኳሷን ያያል፣ ሰው የሚያይ ግን የለም። በረኛው ልውጣ አልውጣ ሲል ኳሷ መረብ ላይ አርፋለች። ከዛ ጭቅጭቁ ይጀምራል። "ያንተ ሰው ነበር!" "ኧረ ያንተ ነው!" በመጨረሻ ሁሉም የሚስማማበት ሰበብ ይመጣል፦ ቁመት የለንም።

ይህ ሰበብ ይብቃ። በፈረንጆቹ 2013 ዋልያው ከናይጄሪያ ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኘ፤ አንዴ በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ሁለቴ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ። በድምሩ 6 ግብ ገባብን። ከስድስቱ አምስቱ ከቆመ ኳስ ናቸው! ሩስተንበርግ ላይ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት አገባ። አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ግብ ስንመራ ቆይተን፣ ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በ90ኛው ደቂቃ ደግሞ በፍፁም ቅጣት ምት ጨረሰን። ካላባር ላይ አንድ ፍፁም ቅጣት ምት ከሞሰስ፣ አንድ ቅጣት ምት ከኦቢና። ከአምስቱ አንዷም በግንባር አልተገጨችም። ታዲያ ቁመት ምን አደረገ?

ፍፁም ቅጣት ምት ከማዕዘን ምት ጋር አንድ አይደለም የሚል ካለ ልክ ነው። ግን ሁለቱም ሳጥን ውስጥ ያለ መደናገጥ ልጆች ናቸው። ደቂቃቸውን ደግሞ እዩት፦ 80፣ 90፣ 90፣ 82። አራቱ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የገቡ ናቸው። እግር ሲደክም ጭንቅላት ይቀድመዋል፤ ተከላካዩ ሰውየውን በቦታ መቅደም ሲያቅተው በእጁ ይይዘዋል። ሱሉልታ የቀነኒሳ በቀለ መሮጫ ትራክ ያለበት ከተማ ነው፤ ሳንባ የለንም ማለት አንችልም። የጎደለው ደክሞም ቢሆን "የኔ ሰው ማነው?" ብሎ መጠየቅን መልመድ ነው።

ቁመት ምንም አይጠቅምም አላልንም፤ ይጠቅማል። ግን ካናቫሮ 1 ሜትር ከ80 እንኳ ሳይሞላ በ2006 ጣሊያንን በአምበልነት መርቶ የዓለም ዋንጫ አንስቷል፣ በዚያው ዓመት ባሎንዶርም ወስዷል። ተከላካይ ሆኖ! አሻሚው ገና እጁን ሲያነሳ ቦታውን ይዞ የሚጠብቅ ሰው አጭር አይባልም።

ይህ ደግሞ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። በቅርቡ ቋሚ ማን ይቆማል፣ ማን ሰው ይይዛል፣ ማን ቦታ ይጠብቃል፣ በረኛው "የኔ!" ሲል ማን ይለቅለታል፣ ተገጭታ የወጣችውን ኳስ ማን ይሮጥባታል፤ ይሄ ሁሉ በተመሳሳይ ልጆች ለወራት የሚደጋገም ነገር ነው። እስቲ የኛን ሰበታ ከተማን አስቡት። በ2012 ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ፣ ያ ዓመት በኮሮና ተሰረዘ። አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ብሔራዊ ቡድኑን ሊይዙ ሄዱ፣ በምትካቸው አብርሃም መብራቱ መጡ። በ2014 ቡድኑ ወረደ። ጎረቤታችን ለገጣፎ ለገዳዲም በ2015 ወጥቶ በዚያው ዓመት ተመለሰ። አሰልጣኝ ሲቀየር የመከላከሉ ሥርዓት ከሀ ይጀመራል። ተጫዋቹም የአንድ ዓመት ውል ፈርሞ መጥቶ፣ ከጎኑ ያለውን ልጅ ድምፅ ሳይለምድ ሻንጣውን ይሸክፋል። ሲወረድ ግን ስድቡ የሚወርደው ተከላካዩ ላይ ብቻ ነው።

የከተማ አስተዳደሮች ሆይ፣ ሜዳ ስጡ። ግማሽ ሜዳ ለሦስት ቡድን እየተሸነሸነ ማን ማዕዘን ምት ይለማመዳል? የክለብ አመራሮች፣ ከታዳጊው ቡድን ሁለት የሰፈር ልጅ ተከላካዮች ይዛችሁ ሦስት ዓመት አብረው አቆዩአቸው።

እኛም ሜዳ ዳር የምንጮኸው ድርሻችን አለን። ክረምቱ ወጥቶ የሰፈር ውድድር ሲጀመር፣ ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት 20 ደቂቃ ማዕዘን ምት ብቻ ሥሩ። አንዱ ያሻማ፣ በረኛው ይጩኽ፣ ሁሉም የያዘውን ሰው በስሙ ይጥራ። ኳስ ከሌላችሁ አሳውቁን፣ ተዋጥተን እንገዛለን።