መጠይቁ ከመታተሙ በፊት

መርጡለ ማርያም ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በንግሥት እሌኒ የታነጸው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን ዙሪያውን ስላለው ማሳ ነው። ከከተማይቱ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ጤፉ በማሽላ ሲተካ ያያል። ፊቱን ወደ ጮቄ ተራራ ያዞረውን ደግሞ ገብስና ድንች ይቀበሉታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር በላይ ስማኔና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የጮቄን ተፋሰሶች ከሞቃቱ የዓባይ ሸለቆ እስከ ውርጫሙ አናት በስድስት የእርሻ ሥነ ምህዳሮች ከፍለዋቸዋል። ስድስት! ከላይ የሚወርደው የግብርና “ፓኬጅ” ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

“ክላይሜት ስማርት” ግብርና የሚለውን ስም የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2010 አስተዋወቀው። ምርት ይጨምር፣ ገበሬው የአየር ጠባይ መዛባትን ይቋቋም፣ የሚቻል ከሆነም ወደ አየር የሚለቀቀው በካይ ጋዝ ይቀንስ ነው ነገሩ። አገራችንም በዓመቱ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ የሚል ስትራቴጂ አወጣች። በአማርኛ አንዳንዶች “ብልህ ግብርና” ይሉታል። ብልሁ ማን እንደሆነ ግን ስሙ አይናገርም።

በዚህ ላይ የሚደረግ ጥናት ሁሉ ገበሬውን “አሳትፈናል” ይላል። እንዴት? መኪና ይመጣል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው “ሞዴል አርሶ አደሮቹን” ቀድሞ ሰብስቧል። ወጣቱ ተመራማሪ መጠይቁን ይዘረጋና፣ “አባቴ፣ ባለፈው ዓመት ከዚህ ማሳ ስንት ኩንታል አገኙ?” ይላል። “ኧረ ምን ተገኝቶ ልጄ! እግዜር ይመስገን፣ ከርመናል።” ልጁ የሚፈልገው ቁጥር ነውና ደግሞ ይጠይቃል። አዛውንቱ አንድ ቁጥር ይሰጡታል። እውነተኛው ቁጥር መሆኑን ግን እርሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

እንዋሽ ብለው አይደለም። የጎጃም ገበሬ ለካን፣ መዘገብን ካሉት ሰዎች ጋር የቆየ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት መሬቴ አይለካም ብሎ አምፆ፣ ጦር ተልኮበት ደም ከፈሰሰ በኋላ ጃንሆይ ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከቦታቸው አንሥተዋል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ “ቢሮክራት” የተባሉ ገበሬዎች መሬታቸው ተቀንሶባቸዋል። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ሜትርና እስክሪብቶ ይዞ የመጣን እንግዳ በልበ ሙሉነት ያስተናግዳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የችግሩ ግማሽ ነው። ዋናው ግማሽ መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ያለው ነው። ምን ይጠና? የሚለውን ማን ወሰነ?

ጤፍን በመስመር መዝራት የሚለውን ዘመቻ እናስታውስ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰፊው ተሰብኳል። ዘሩን መቆጠብና ምርቱን መጨመር መልካም ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ሆኖም የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባልደረቦች በገበሬዎች ማሳ ላይ ሲፈትሹት፣ በአንድ ሄክታር የሚገኘው ምርት ቢጨምርም የሚፈጀው ጉልበት ከዚያ በላይ በመጨመሩ በመጀመሪያው ዓመት የተገኘው ትርፍ ውስን ሆኖ ተገኘ። የክረምት ጭቃ ውስጥ አጎንብሶ ያችን ሰናፍጭ የማታህል ፍሬ በመስመር የሚያንጠባጥበው ማነው? ወንፈል የሚወጣው ጎረቤት፣ ሚስት፣ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ። ይህን ለማወቅ ዓመታት መፍጀት አያስፈልግም ነበር። አንዲት እናት ቀድማ ብትጠየቅ በአንድ ደቂቃ ትናገረው ነበር።

ተጠይቆ የሠራም አለ። ዱከም የተባለው የጤፍ ዝርያ ምርታማ ነበር፤ ገበሬው ግን ነጭ ስላልሆነ፣ ገበያም ላይ ስለማያወጣ ብዙም አልወደደውም። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ይህን ሰምተው ዱከምን ከነጩ ማኛ ጋር አዳቀሉትና በ1998 ዓ.ም. ቁንጮን አወጡ። ቁንጮ እንዴት እንደ ተስፋፋ ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ከዚህም የሚያስገርመው የመቄቱ ነው። ሰሜን ወሎ፣ ገረገራ ላይ፣ እንዲሁም ትግራይ ሐገረ ሰላም ላይ፣ 400 ያህል የዱረም ስንዴ ዓይነቶች ተዘርተው 60 ገበሬዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ እየዞሩ ነጥብ እንዲሰጡ ተደረገ። አብዛኞቹ ዓይነቶች ከአዲስ አበባው የጂን ባንክ የወጡ የአገር ዘሮች ነበሩ፤ ዶክተር መላኩ ወረደን የመሰሉ ሰዎች “ገበሬው ራሱ የዘር ጠባቂ ነው” የሚል እምነት ይዘው ዕድሜያቸውን የሰጡለት ባንክ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ገበሬ ሦስት ሦስት ዓይነት ዘር፣ ስሙ ሳይነገረው፣ ተሰጥቶት በገዛ ማሳው ዘርቶ የተሻለውንና የባሰውን እንዲለይ ተጠየቀ። በትግራይ፣ በአማራና በኦሮሚያ 1,165 ማሳዎች ላይ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ የገበሬው ምርጫ ከዘረ መል መረጃ ጋር ሲቀናጅ በአስቸጋሪ ማሳ ላይ የትኛው ዘር እንደሚሻል የመተንበይ ብቃቱ ከተለመደው የምርምር ጣቢያ ዘዴ እጥፍ ሆነ። ከዚህ ወዲያ “ማሳተፍ ለስሙ ነው” የሚል ካለ የሚከራከረው ከቁጥር ጋር ነው።

ገበሬው ሁሌ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ውስጥ ገበሬዎች ደከረንስ የሚባለውን ግራር ከጤፍ ጋር አብቅለው፣ ጤፉን አጭደው፣ ዛፉን ከጥቂት ዓመት በኋላ ለከሰል የሚሸጡበትን ዘዴ ራሳቸው ፈጥረው አካባቢውን አረንጓዴ አድርገውታል፤ ኪሳቸውንም ደጉመዋል። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ዛፍ ስለተከለ የዝገት በሽታ በቅርብ ዓመታት ገብቶ ብዙ አውድሟል። እዚህ ላይ ሳይንቲስቱ ቀደም ብሎ አጠገባቸው ቢሆን ኖሮ ያሰኛል። ሁለቱም ይፈላለጋሉ ማለት ነው።

የሚቀረው ጥያቄ የኪሳራ ጥያቄ ነው። ሙከራው ቢከሽፍ ተመራማሪው “ውጤቱ አሉታዊ ነው” ብሎ ይጽፋል፤ እርሱም ለሳይንስ ዋጋ አለው። ገበሬው ግን ለሙከራው የሰጠው ጥማድ መሬት የዓመት እንጀራው ነው። በዓለም የጥናት ሥነ ምግባር መድኃኒት የሚሞከርበት ሰው ጉዳት ቢደርስበት ማን እንደሚጠይቅለት አስቀድሞ ይታሰባል። ማሳው ላይ አዲስ ዘር የሚሞከርበት ሰውስ? የልማት ክፍል ያላቸው ቤተ ክርስቲያኖቻችንም በገበሬ ማሳ ላይ የሠርቶ ማሳያ ሥራ ይሠራሉና ጥያቄው ለእነርሱም ነው። በውሉ ላይ “ሰብሉ ባይሳካ የጎደለው እህል በዓይነት ይተካል” የሚል አንድ መስመር መጨመር በጀት አያናጋም።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር ተጨምሯል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ሰልፍ ወጣ፤ በዚያው ክረምት ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ምሥራቅ ጎጃምም አልተረፈም። ጦርነት ባለበት መኪናውም መጠይቁም አይደርሱም። ሰላም ሲወርድ ግን ይመጣሉ። ያን ጊዜ አዛውንቱ ቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ይኖራቸዋል፦ “ያን ጊዜ የጻፋችሁት ወረቀት ምን አለ?” ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ ቀበሌው አልተመለሰም።