ከመስኮቱ ጀርባ ያለው አገልጋይ

በአብያተ ክርስቲያናችን «አገልጋይ» ሲባል ቶሎ የሚታየን ሰባኪው፣ ዘማሪው፣ ሽማግሌው ነው። ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ባለጉዳይ የሚያስተናግደውን ወንድማችንን ግን «ሠራተኛ» እንለዋለን እንጂ አገልጋይ አንለውም። የሚገርመው፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በግድግዳው ላይ የሚለጥፈው «አገልግሎት አሰጣጥ» የሚል ጽሑፍ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ለሁለት ዓለም ከፍለነዋል።

ይህ አከፋፈል ዋጋ ያስከፍላል። አንዲት እናት ከሩቅ ወረዳ መኪና ቀያይረው መጥተው ሰልፍ ይዘዋል እንበል። ማኅተሙን የያዘው ወንድማችን ግን በሥራ ሰዓት ለጸሎት ወጥቷል። «ነገ ይምጡ» የተባሉት እኚህ እናት ስለ ጌታችን ምን ተረድተው ይመለሳሉ? ጸሎቱ መልካም ነው፤ ሰዓቱ ግን የእርሳቸው ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አይከፍልም። በዘፍጥረት 2፥15 አዳም ገነትን እንዲያበጃት መቀመጡን የሚናገረው የዕብራይስጥ ግሥ፣ በዘጸአት 7፥16 ሕዝቡ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ሲነገር የተጻፈው ያው ግሥ ነው። በዘጸአት 31 ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላውም ለስብከት ሳይሆን ወርቅ፣ ብርና ናስ ለመሥራት፣ ድንጋይ ለመቅረጽ፣ እንጨት ለመጥረብ ነበር።

በመጋቢነት ዘመናችን ከምእመናን የሥራ ሕይወት የተማርናቸውን ሦስት ነገሮች እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የሠራተኛ ልኩ የሚታወቀው ማንም በማያየው ሥራ ነው። ጳውሎስ በቈላስይስ 3፥22-23 ለሰው ዓይን ብለው ሳይሆን ለጌታ እንደሚሠሩ ሆነው ከልብ እንዲሠሩ የመከረው ባሪያዎችን ነው። የደረጃ እድገት የሚባል ተስፋ ያልነበራቸውን ሰዎች! አለቃው ሲገባ ብቻ ፋይል የሚገልጥ ሰው አለቃውን ቢያታልል እንኳ ሙያውን አያታልለውም።

ሁለተኛ፣ ጸሎት ትምህርትን አይተካም። ዳንኤል የጸሎት ሰው ነበር፤ ሆኖም በባቢሎን ለሦስት ዓመት የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማር ተመደበ፤ ተማረም። ስለ እድገት እንጸልይ፤ ነገር ግን የምንሠራበትን መመሪያ አንብበን፣ የማናውቀውን ከሚያውቅ ጠይቀን እንጸልይ።

ሦስተኛ፣ እድገት ከወንበሩ በፊት በእጅ ላይ ይጀምራል። የዮሴፍ ታሪክ ሲጀምር 17 ዓመቱ ነው፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሆኖታል። በመካከሉ የጲጥፋራን ቤት፣ ቀጥሎም የእስር ቤቱን ሥራ መርቷል። ግብፅን ለማስተዳደር የሚያስፈልገውን ልምድ ያካበተው ማንም «እድገት» ብሎ በማይጠራው ስፍራ ነበር።

«እኛ ጋ እድገት የሚገኘው በዘመድ እንጂ በሥራ አይደለም» የሚሉን ወገኖች አሉ። እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን አንክድም። ዮሴፍም ሕልሙን በፈታለት ሰው ሁለት ዓመት ተረስቷል። የተጋ ሁሉ ይሾማል ብለን አንሰብክም፤ ቃሉም እንዲህ አይልም። ሰው ሹመቱን ሊነፈግ ይችላል፤ በእጁ የገባውን ሙያና ያስተናገዳቸውን እናት ምርቃት ግን የሚቀማው የለም።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ወንጌላዊ ስንልክ እጅ ጭነን እንደምንጸልይ ሁሉ፣ ሥራ ለሚጀምሩ ነርሶች፣ መምህራን፣ ሾፌሮችና የሂሳብ ሠራተኞችም በጉባኤ ፊት እንጸልይ። አንድን ወንድም ስንጠይቀው «ለጸሎት ትመጣለህ ወይ?» ብለን ብቻ አናብቃ፤ «ባለጉዳዮችህ ስለ አንተ ምን ይላሉ?» ብለንም እንጨምርለት።

ወገኖች ሆይ፣ ነገ ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ከወዲያ በኩል የሚቆመውን ሰው ጌታ እንደላከልን አድርገን እንቀበለው። የእጃችንን ሥራ ጌታ ይባርክ።